ፈርቼ የጸለይኩት ይሰማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ አንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ ነው። ማታ ተኩስ ሲነሣ ልጆቼን አልጋ ሥር አስገብቼ ዳዊት እደግማለሁ። ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩም ይጠፋብኛል። አንዲት የማኅበራችን እናት «የፈሪ ጸሎት አይሰማም፤ እምነት ካለሽ ከቤትሽ አትንቀሳቀሺ» አሉኝ። ባሕር ዳር እኅት አለችኝ። ልጆቼን ይዤ ብሄድ እግዚአብሔርን አለማመን ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህችን «የፈሪ ጸሎት አይሰማም» የምትል ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት መሰለሽ! ከነጋዴም፣ ከቆሎ ተማሪም፣ አንድ ቀን ከቄስ አፍም ሰምቻታለሁ። መጽሐፍ ላይ ግን የለችም። ሐዋርያው ያዕቆብ «ሳይጠራጠር ይለምን» ያለውን ይዘው ይመስለኛል። መጠራጠርና መፍራት ለየቅል ናቸው። ተጠራጣሪው ዳዊቱን አጥፎ ይተኛል። አንቺ እየተንቀጠቀጥሽም አላጠፍሽውም።

ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። የአሦሩ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ይዞ ጦሩን ኢየሩሳሌም ደጃፍ ልኳል። መልእክተኛው ቅጥሩ ሥር ቆሞ፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይዝታል። ንጉሡ አልፎከረም። ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ። ወደ ኢሳይያስም «ልጆች የሚወለዱበት ጊዜ ደርሷል፣ ለመውለድም ኃይል የለም» ብሎ ላከ። እኛ አገር ቢሆን «ፈራ» ተብሎ በታማ ነበር! የዛቻው ደብዳቤ ሲመጣለት ደግሞ ይዞት ቤተ መቅደስ ገባና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ነገሩን አላቃለለም። የአሦር ነገሥታት አሕዛብን በእውነት አጥፍተዋል ብሎ ነው የጸለየው። ያንቺም ጸሎት እንዲሁ ይሁን። የፈራሽውን ነገር በስሙ ጥሪና ዘርጊው። ይኸው ሕዝቅያስ ከከተማው ውጭ ያሉትን ምንጮች አስደፍኗል፣ የፈረሰውንም ቅጥር ጠግኗል። ይህን በማድረጉ እምነት ጎደለው ያለው የለም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ጴጥሮስ ታስሮ ምእመናን ይጸልዩለታል። መልአክ አወጣው፣ መጥቶም በራቸውን አንኳኳ። ሮዴ የምትባል የቤት ሠራተኛ ሮጣ ስትነግራቸው «አብደሻል» አሏት። የጸለዩለት ሰው ደጅ ቆሞ! እግዚአብሔር የሰማው የእነዚህን ሰዎች ጸሎት ነው። እዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ግን የዮሐንስ ወንድም ያዕቆብ በሰይፍ ተገድሏል። ለእሱ ሳይጸለይለት ቀርቶ ነው ብዬ አላምንም። ለምን ይህ ሞቶ ያ ዳነ ብትይኝ መልስ የለኝም። የሞተበት ቤት ሄዶ «እምነታችሁ ቢጠነክር ኖሮ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ግን አፉን አስይዢልኝ።

ስለ መሄዱ ብዙ አላወራም። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጽጌ ማኅሌት የምንቆመው የእመቤታችንን ስደት አስበን አይደለም እንዴ? መልአኩ ዮሴፍን «ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ሽሽ» አለው እንጂ ባለህበት ቆይ አላለውም። እሱም በሌሊት ተነሣ። እመቤታችን እዚሁ ጣና ቂርቆስ ደሴት ላይ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጣለች ብለው አባቶች ይተርካሉ። ስደቷን በከበሮና በጸናጽል እያከበርን፣ ልጆቿን ይዛ የምትሸሽን እናት እምነት የለሽ ማለት ያሳፍራል።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ። እኒያን እናት ደግሞ አትቀየሚያቸው፤ እሳቸውም የሚፈሩ ይመስለኛል። ከመሄድሽ በፊት ጎራ ብለሽ ተሰናበቻቸው። እስከዚያው ማታ ማታ መስመሩ ከጠፋብሽ ዳዊቱን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። እንደ ልማዳችን 41 ጊዜ መቁጠር ካቃተሽም ልጆቹ በጣታቸው ይቁጠሩልሽ።