ወደብ ከባሕር ለራቀው ምን ይጠቅመዋል?

«የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ለሳቫና ወደብ የሚያፈሰው ገንዘብ ከባሕር ርቆ ለሚኖረው ምን ይፈይዳል?» ላልከው፦ እኔ ብሆን ሳቫናን ትቼ ዳልተንን ነበር የማየው።

ዳልተን ሰሜን ጆርጂያ ያለች የምንጣፍ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ድሮ ኮንቴይነር በከባድ መኪና ተጭኖ፣ አትላንታን አቋርጦ ነው ወደቡ የሚደርሰው። የአትላንታን መጨናነቅ የሚያውቅ ሹፌር ይፍረድ! እ.ኤ.አ. በ2018 የግዛቱ ወደቦች ባለሥልጣን እዚያው አጠገብ፣ መሬይ ካውንቲ ውስጥ ደረቅ ወደብ ከፈተ። እንደኛ ሞጆ በለው። አሁን መኪናው ቅርብ ቦታ ያራግፋል፤ የቀረውን 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ባቡር ይጨርሰዋል። ሹፌሩም ማታ ቤቱ ይገባል።

ሳቫና ላይ ደግሞ የመርከቦቹ መግቢያ ከ42 ወደ 47 ጫማ እንዲጠልቅ ተደርጎ ሥራው በ2022 አልቋል። ወጪውን ግዛቱና የፌዴራል መንግሥት ተካፍለውታል። ትልልቅ መርከቦች የባሕሩን ሙላት ብዙ ሳይጠብቁ፣ የበለጠ ጭነት ይዘው ይገባሉ። የጆርጂያ የዶሮ ሥጋና ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈርም በዚሁ በር ይወጣል።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። ወደቡ አካባቢ ቤት ልትገዛ ካሰብክ የከባድ መኪናውን ግርግር አስብበት።