በቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በበጎ ፈቃድና በተግባር ልምምድ ስለ መሥራት

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የታሪክ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጅዎ በመጪው ክረምት መስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በበጎ ፈቃደኝነት ወይም በተግባር ልምምድ መሥራት እንደምትፈልግ ገልጸው፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለትምህርቷ ይጠቅማት እንደሆነና የሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ታሪክ በየዕለቱ እያየች መዋል ትችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ተማሪ ሳለሁ እዚያ በበጎ ፈቃድ ያገለገልሁ፣ በኋላም ተማሪዎችን ለልምምድ የላክሁ ሰው ስለሆንሁ የማውቀውን ላካፍልዎት። ትሂድ ነው የምለው፤ ነገር ግን የምትሠራውን ሥራ አስቀድማ ለይታ ትሂድ።

ብዙ ወጣቶች ወደ ሙዚየሙ የሚመጡት አስጎብኚ የመሆን ፍላጎት ይዘው ነው። በእኔ አስተያየት ጅምሩ ከዚያ መሆን የለበትም። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ጎብኚዎችን ሲያስተናግዱ ከኖሩት መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን የታሰሩና የተገረፉ ሰዎች ይገኙባቸዋል፤ ግርፋቱን በገዛ አካሉ ያየ ሰው ሲናገር ተማሪ ሊተካው አይችልም፣ መተካትም የለበትም። ልጅዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአስጎብኚው ኋላ ሆና ታዳምጥ፤ ጎብኚዎች የሚጠይቁትንም ትመዝግብ። ጥያቄዎቹ ለዝግጅቷ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መመሪያ ይሆኗታል። ለምሳሌ ጎብኚ ሁሉ ማለት ይቻላል «ያደረጉት ሰዎች ተጠየቁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በ1984 ዓ.ም. መቋቋሙን፣ የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት በ1987 መጀመሩን፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ እንዳሉ በሌሉበት ታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ መባላቸውን፣ መጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት፣ በ2000 ደግሞ በይግባኝ የሞት ቅጣት እንደተፈረደባቸው አጥርታ ማወቅ ይኖርባታል። በጎጃም ለተፈጸመው ግፍ በአንድ የደርግ ሹም ላይ በኔዘርላንድ የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት መፈረዱንም ብታክልበት፣ በተለይ ከውጭ አገር ለሚመጡ ወገኖቻችን ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ታስረዳቸዋለች።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ በዘመኑ ተቀናቃኝ የነበሩት የሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ጉዳይ ነው። ወደዚያ ሙዚየም የኢሕአፓ አባል የነበሩ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ከደርግ ጋር ሠርተው በ1969 መጨረሻ ኅቡዕ ከገቡ በኋላ ራሳቸው የታደኑት የመኢሶን ሰዎች ቤተሰቦችም ይመጣሉ፤ ኢሕአፓ በከተማ በፈጸመው ግድያ አባቱን ያጣ የቀበሌ ሹም ልጅም ይመጣል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ፎቶግራፍ ፊት ቆመው ሲከራከሩ አይቻለሁ። የልምምድ ተማሪ በዚህ ክርክር ፈራጅ ልትሆን አትችልም፤ ሆኖም መንግሥት የጦር መሣሪያውን፣ እስር ቤቱንና ቀበሌውን ይዞ በዜጎቹ ላይ የፈጸመው ግድያ ከሌላው ሁሉ በስፋትም በኃላፊነትም የተለየ መሆኑን በማስረጃ ማስረዳት ትችላለች፤ ደግሞም ይገባታል።

ዋናው ሥራ ግን ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለው ነው፤ እኔም በይበልጥ የምመክራት ይህንኑ ነው። በግድግዳው ላይ ከሚታዩት ጉርድ ፎቶግራፎች እያንዳንዱ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የተያዘበት ቦታና ቀን ሊኖረው ይገባል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም ስለሌለው፣ አንድ ስም በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ስለሚጻፍ፣ አንዳንዱም በትግሉ ውስጥ በድብቅ ስም ይጠራ ስለነበር፣ አንድ ሰው በተለያየ ዝርዝር እንደ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ይህን የሚለየው የእናት ስምና የሰፈር ዕውቀት ነው። የዘመን አቆጣጠሩም ትኩረት ይሻል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ልዩነቱ በአብዛኛው ሰባት ዓመት፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ስምንት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መግለጫ በቀላሉ አንድ ዓመት ይሳሳታል። መንግሥቱ በዚያው አደባባይ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ በተባለው ቦታ፣ ደም መሳይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን የሰበሩት ሚያዝያ 1969 ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን 1977 እንጂ 1976 አይደለም። እንዲህ ያለውን ማረም ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የወንድሙን ስም ለመፈለግ ለመጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት የለም። ፎቶግራፍ ስካን ማድረግ፣ ሰነድ መመዝገብ፣ በጓንት መያዝ፣ መግለጫ መተርጎም፣ የቃል ታሪክ መቅዳትና ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ሁሉ በዚህ ሥር ይገባሉ። በተለይ የቃል ታሪኩ ጊዜ አይሰጥም፤ በ1969 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ስለ መንፈስ ጫናው ያነሱት ስጋት ተገቢ ነው። በሙዚየሙ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና የሟቾቹ ልብሶች አሉ፤ በመቃብሮቹ ቁፋሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ረድተዋል። እኔ እንዳየሁት ወጣቱን የሚጎዳው አጽሙን ማየቱ ሳይሆን ከቤተሰብ ጋር መገናኘቱ ነው። አንዲት እናት መጥተው የልጃቸውን ፎቶግራፍ በእጃቸው እየዳሰሱ ሲያለቅሱ ምን ይባላል? ምንም ባይባል ይሻላል፤ ወንበር ማቅረብና አጠገባቸው መቀመጥ ይበቃል። ልጅዎ በየሳምንቱ ስለ ውሎዋ የምታወራው አንድ አዋቂ ይኑራት፤ ቤተሰባችሁም በዚያ ዘመን ሰው አጥቶ ከሆነ ከመግባቷ በፊት ይንገሯት፣ ምክንያቱም ስሙን ሳታስበው ግድግዳው ላይ ልታገኘው ትችላለች። አጽም ያለበትን ክፍል ለማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶግራፍ እንዳታነሳም አጥብቀው ይምከሯት።

ሥርዓቱን በተመለከተ፣ ለልምምድ ከሆነ ከትምህርት ክፍሏ የትብብር ደብዳቤ ትያዝ፤ ደብዳቤው የምትቆይበትን ጊዜ፣ የአማካሪ መምህሯን ስምና የሚሞላውን የምዘና ቅጽ ይጥቀስ። ክፍያ አትጠብቅ፤ የትራንስፖርቱን ወጪ ከወዲሁ ያስቡበት። በስልክ ከመጠየቅ በአካል ሄዳ ብታነጋግራቸው ይሻላል፣ ያውም ሰኔ ሳይገባ። ሲቀበሏት «ምን ላግዛችሁ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ያህል ፎቶግራፍ ስካን አድርጌ ከነመግለጫው በኮምፒውተር እመዘግባለሁ» ብትል ቦታ ታገኛለች። በዚህ ክረምት ካልተሳካ፣ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር የ1969 እና የ1970 አዲስ ዘመን ጋዜጣን እያገላበጠች የተገደሉትን በሚመለከት የወጡ ማስታወቂያዎችን በቀን ትመዝግብ፤ ያን ዝርዝር ይዛ በሚቀጥለው ዓመት ብትመለስ ሙዚየሙም እርሷም ይጠቀሙበታል።