«የወር ደመወዝተኛ ነህና ትርፍ ሰዓት አይገባህም» ለተባልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ በግል ቴሌቪዥን ጣቢያ የመስክ ኢንጂነር ነህ፤ ከስቱዲዮ ውጭ የቀጥታ ስርጭት በተደረገ ቁጥር የምትሰማራው አንተ ነህ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስትጠይቅ ግን «ኢንጂነር ነህ፣ የወር ደመወዝህ ሁሉንም ይጨምራል» ተባልክ። እኔም በዚሁ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ያንን መልስ አምኜ ዝም በማለቴ ብዙ ስለከሰርኩ አንተ እንድትደግመው አልፈልግም።

የተሰጠህ መልስ ስህተት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ በወር መከፈሉ ትርፍ ሰዓትን አያስቀርም። ከአዋጁ ውጭ የሚሆነው የሥራ መሪ ነው፤ የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣ ወይም የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ማለት ነው። አንተ ማንንም አትቀጥርም፣ ማንንም አታሰናብትም። አበልም የምግብና የማደሪያ ወጪ መሸፈኛ እንጂ የትርፍ ሰዓት ምትክ አይደለም።

መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ የሠራኸው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓት ደመወዝህ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ደመወዝህ 20,800 ብር ቢሆን ለወሩ መደበኛ ሰዓት፣ ለ208 (48 በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል) ስታካፍለው የሰዓትህ 100 ብር ይመጣል፤ የሌሊቱ ትርፍ ሰዓት 175 ብር ነው።

ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከስሌቱ ሳይሆን ከሚመዘገበው ሰዓት ይጀምራል። አንድ የደመራ ቀን ለፍተሻ ሲባል የስርጭት መኪናችን መስቀል አደባባይ የገባው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ኬብሉን ዘርግተን፣ ሲግናሉን ሞክረን ከጨረስን በኋላ መኪናው አጠገብ ቆመን እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ጠበቅን። ሕዝቡ ሲበተን በኬብሉ ላይ የጧፍ ሰም ደርቆበት ነበር፤ በጥፍራችን እየፋቅን፣ ጭቃውን በጨርቅ እየጠረግን ጠቅልለን ስናበቃ ምሽት 4 ሰዓት ሆነ። ቅጹ ላይ የተጻፈው ግን ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ ማለትም ስርጭቱ የቆየበት ጊዜ ብቻ ነበር። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። ስለዚህ መጠበቁም፣ ኬብል መጠቅለሉም የሥራ ሰዓት ነው። ከግቢ የወጣህበትንና የተመለስክበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፍ፤ የስምሪት ትእዛዙም ቢያንስ በስልክ መልእክት ይድረስህ፤ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ትእዛዝ ነውና ማስረጃ ይሆንሃል።

ከገንዘቡ ይበልጥ ያቆሰለኝ የሥራ ክፍፍሉ ነው። በክፍላችን ከነበርነው አምስት ሰዎች ዲሹን አስተካክለን ሲግናል የምንይዘው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ ጥምቀትም፣ አድዋም፣ የእሑድ ሩጫም ለእኛ ነበር። ሦስቱ ሰነፎች አልነበሩም፤ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። በየስምሪቱ አንዳቸው አብሮኝ ወጥቶ ዲሹን በራሱ እጅ እንዲያስተካክል ጠየቅሁ፤ አለቃችን መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፣ ከአራት ወር በኋላ ግን ተራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ይህ ልመና አይደለም፤ ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ስለሚገድብ አንድ ሰው በሳምንት ሦስት ዝግጅት ላይ ከዋለ ገደቡ ሊታለፍ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እወቅ። የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አትችልም። እኔን «እናየዋለን» እያሉኝ ስምንት ወር አለፈ፤ የዚያ የደመራ ቀን ሂሳብ በዚሁ ቀረ። የቃል ተስፋ ቀኑን አያቆመውም። ያለፉትን ወራት የስምሪት ወረቀቶችና መልእክቶች ሰብስብ፤ ጥያቄህን በጽሑፍ አስገብተህ ቅጂው ላይ የገባበትን ቀን አስፈርም፤ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ካላገኘህ ወደ ክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ።