ሥራ ሳይለቁ ፒኤችዲ፦ ከጅማ የደረሱን ሦስት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት በድኅረ ምርት አያያዝ ነው። ፒኤችዲ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ቤቱም ያለ ደመወዜ አይቆምም። ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ ልጨርሰው እችላለሁ ወይስ ሥራዬን ልልቀቅ? (ስ. ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ በማታና በቅዳሜና እሁድ ብቻ አይጨርሱትም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የአራት ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት፣ በዓመት 48 ሳምንት በሳምንት 40 ሰዓት ብለን ስንይዘው፣ 7,680 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 12 ሰዓት ቢቆጥቡ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅብዎታል፤ በ20 ሰዓት 8 ዓመት፤ በ30 ሰዓት ከ5 ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ልጆች ያሏት ሠራተኛ ከራሷ ጊዜ 20 ሰዓት ብታወጣ ትልቅ ነገር ነው። 30ውን ለመሙላት የቀሩት 10 ሰዓቶች መምጣት ያለባቸው ከመሥሪያ ቤትዎ ነው፤ ማለትም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራዎ ራሱ የጥናቱ አካል ሲሆን። ካልሆነ አይጀምሩት።

የእርስዎ ሙያ ለዚህ ይመቻል። ለምሳሌ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ የንጣፉ ውፍረትና የሚገላበጥበት ድግግሞሽ የቅምሻ ውጤቱን እንዴት እንደሚለውጥ ማጥናት ይቻላል። እርጥበት መለካትና ማስቀመስ አሁንም የዕለት ሥራዎ ነው። ነገር ግን በመዝገብዎ ያለውን ቁጥር እንዳለ ይዘው ቢቀርቡ ገምጋሚዎች ይጥሉታል፤ ምክንያቱም ከብዙ ገበሬ የተሰበሰበ እሸት ተደባልቆ የተሰጣ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከውፍረቱ ይምጣ ከእሸቱ አይለይም። አንድን ቀይ እሸት በአንድ ቀን ተቀብሎ መክፈል ያስፈልጋል፤ በ2፣ በ4 እና በ6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ደግሞ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ቦታ። የአልጋው ዳርና መሐል እኩል ስለማይደርቅ ቦታውን በዕጣ ይመድቡ። እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ያንሱትና የደረሰበትን ቀን ይመዝግቡ። ቀማሾቹ የትኛው ናሙና ከየትኛው አልጋ እንደመጣ ማወቅ የለባቸውም። እርስዎም አይቅመሱ፤ አልጋዎቹን ያውቋቸዋል።

ይህን ሁሉ ቢያንስ ሁለት የምርት ወቅት መድገም አለብዎት፤ በጥቅምት ዝናብ የቆየበት ዓመትና ፀሐይ የበዛበት ዓመት አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። ብዙ ሠራተኛ ተማሪዎች አንድ ዓመት የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ፕሮፖዛሉ መስከረም ላይ ካልጸደቀ፣ አልጋው ካልተዘጋጀ፣ የእርጥበት መለኪያው ካልተስተካከለ እሸቱ ያልፍና እስከሚቀጥለው ጥቅምት ይቀመጣሉ። መሥሪያ ቤትዎም ፈቃድ ሊሰጥዎ የማይፈልገው በዚሁ ወቅት ነው። ርዕሱ ከሥራዎ ውጭ ቢሆን ሁለቱ ይጋጩ ነበር።

የኬሚካል ትንተና ካሰቡ (ካፌይን፣ ክሎሮጀኒክ አሲድና የመሳሰለውን) መሣሪያውና ማነጻጸሪያ ኬሚካሉ የት እንዳለ ዛሬ ይጠይቁ። ከውጭ የሚገባ ነገር በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ወራት ሊቆይ ይችላል። ናሙናውን ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ መላክ ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው፤ የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስላለ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ሳያማክሩ አይላኩ።

ከአሠሪዎ ጋር የሚስማሙበትን በጽሑፍ ያድርጉት። የቃል ፈቃድ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ደብዳቤው በሳምንት የትኛው ቀን ነፃ እንደሚሆኑ፣ ኮርስ በሚወስዱበት የመጀመሪያ ዓመት ምን እንደሚደረግ፣ መረጃውን ለመመረቂያ ጽሑፍና ለጆርናል እንዲጠቀሙ መፈቀዱን፣ አቅራቢ ገበሬዎችና ገዢዎች በኮድ እንደሚጠሩ ይግለጽ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ጽሑፉ ለኅትመት ሲደርስ «የንግድ ምስጢር ነው» የሚል ተቃውሞ ሊመጣ ይችላል። በዓመት ፈቃድ እሸፍነዋለሁ ብለው ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ለኮርስ አይበቃም። ድርጅቱ ክፍያ ልሸፍን ካለ የግዴታ ውሉን ቁጭ ብለው ያንብቡ፦ ስንት ዓመት ማገልገል፣ ቢያቋርጡ የሚመለሰው ገንዘብ ስንት፣ ዋሱ ማን።

አማካሪ ከመመዝገብዎ በፊት ይፈልጉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ቡናን ለረጅም ጊዜ ያጠና ስለሆነ ሁለተኛ አማካሪ ከዚያ ማግኘት ይጠቅማል። አማካሪው አሁን ስንት ተማሪ እንደያዘ፣ የመጨረሻ ተማሪው በስንት ዓመት እንደጨረሰ፣ የላኩለትን ምዕራፍ በስንት ጊዜ እንደሚመልስ ይጠይቁ። መልሱን ከተማሪዎቹም ይስሙ፤ የእነሱ ይበልጣል። የመግቢያው ጣጣ ከዚህ ይቀላል፦ የትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ የትምህርት ክፍሉ የራሱ ፈተናና ቃለ መጠይቅ፣ አጭር የጥናት ሐሳብ፣ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ትራንስክሪፕቱ ስለሚዘገይ በእሱ ይጀምሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። የሚፈልጉት በዚያው ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ከሆነ ፒኤችዲ ረጅሙ መንገድ ነው። በቡና ንግድ ዓለም አቀፍ የቀማሽነት ፈቃድ በገበያው ፊት የበለጠ ክብደት አለው፤ ሥልጠናውም የቀናት ነው። ፒኤችዲው የሚጠቅምዎ ወደ ማስተማርና ወደ ምርምር መሻገር ከፈለጉ ነው።

ጥያቄ፦ በሆስፒታል ነርስ ነኝ፣ በዚህ ዓመት ፒኤችዲ ጀምሬአለሁ። ጊዜ ለመቆጠብ ከወዲሁ በተረኛነቴ ሰዓት ታካሚዎችን መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ፕሮፖዛሌ ሲጸድቅ እጠቀምበታለሁ። ችግር አለው? (ከአጂፕ)

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ ያቁሙ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ላለፈ ጊዜ ፈቃድ አይሰጥም፤ ጆርናሎችም የፈቃዱን ቁጥርና ቀን አይተው ከዚያ በፊት የተሰበሰበውን አይቀበሉም። የሰበሰቡትን መጠይቅ ከጥናቱ ያውጡት፤ ምን ማድረግ እንዳለብዎ አማካሪዎንና ቦርዱን ይጠይቁ። ሌላም ችግር አለ። ነርሷ ራሷ ስትጠይቀው ታካሚው «እምቢ» ማለት ይከብደዋል፤ ሕክምናው የሚቀርበት ይመስለዋል። ስለዚህ ከክፍልዎ ውጭ ያለ ሰው ፈቃደኝነቱን ይጠይቅ። የስምምነት ቅጹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ፤ አንዱ ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ልዩነቱን አስታርቁ። ይህ ሲደረግ ጥቂት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ንባብዎን ይሥሩ። በሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት በሚመራው የኢንተርኔት የጆርናል አገልግሎት) በኩል የጤና ጆርናሎች ለኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ይከፈታሉ፤ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍቱ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አንድ የውጭ ተቋም በ18 ወር፣ በኢንተርኔት ብቻ፣ ያለ መግቢያ ፈተና «የቢዝነስ ዶክተር» ያደርግሃል ብሎኛል። ክፍያው በዶላር ነው። (ከሂርማታ)

መልስ፦ አይክፈሉ። መጀመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዚያን ተቋም ዲግሪ አቻ አድርጎ ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ በባንክዎ የሰው ኃይል መምሪያ መመሪያው ፒኤችዲን ለዕድገት ይቆጥር እንደሆነ ያጣሩ። በሥራ ላይ ላለ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ሕጋዊ የቢዝነስ ዶክትሬት አለ፤ እሱ ግን አማካሪ ይመድባል፣ ጥናት ያሠራል፣ በፈታኞች ፊት ያስቆማል። ለዚህኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞቹ እነማን እንደሆኑ ይጠይቋቸው፤ ስም ካልሰጡ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።