ቀዩን መስመር አንብቡት፦ የጃቫስክሪፕትና የጄኪዌሪ ጥያቄዎቻችሁ

ጃቫስክሪፕት የኢንተርኔት ገጽን የሚያንቀሳቅስ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ጄኪዌሪ ደግሞ በእሱ የተጻፈ፣ ሥራ የሚያቀልል የተዘጋጀ ኮድ። በዚህ ዙር ጥያቄ የላካችሁልኝ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅና ከላሊበላ ናችሁ። አብዛኛው መልእክት «አልሠራ አለኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ብዙው እዚያው ላይ ያበቃል። ወዳጆቼ፣ ይህ ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ኤፍ 12ን ተጫኑና ኮንሶል የሚለውን ክፈቱ። በቀይ የተጻፈ ነገር ካለ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። እሱን ሳያነቡ ኮድ መቀያየር ጊዜ መፍጀት ነው። ጥያቄ ስትልኩልኝም ያንን ቀይ መስመር እንዳለ ገልብጣችሁ ላኩልኝ።

ካምፓስ ላብ ውስጥ በደንብ የሚሠራው ገጼ ዶርም ስከፍተው ቀጥ ይላል። ኮንሶሉ «ዶላር ኢዝ ኖት ዲፋይንድ» ይላል። ኮዱን ግን አልነካሁትም። (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ኮድህ ጤነኛ ነው። ብራውዘሩ የሚልህ «ይህን የዶላር ምልክት አላውቀውም» ነው። የዶላር ምልክቱ የጄኪዌሪ አጭር ስም ነው። ስለዚህ ጄኪዌሪ አልመጣም ማለት ነው።

ፋይሉን በቀጥታ ከኢንተርኔት የምትጠራው ከሆነ ዶርም ውስጥ ኔትወርክ ሲቋረጥ አብሮ ይቀራል። ኤፍ 12 ላይ ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ከፍተህ ገጹን እንደገና ጫን። የጄኪዌሪው ፋይል በቀይ ከመጣ ምክንያቱ ይሄው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፋይሉን አንዴ አውርደህ ከገጽህ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጠው፤ ከዚያው ጥራው። መብራትና ኔትወርክ እየመጣ በሚሄድበት አገር ለምትሠሩ ሁሉ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ኔትወርክ እያለም ካልሠራ አድራሻውን እይ። ኤችቲቲፒኤስ የሚለው ቀርቶ በሁለት ስላሽ ብቻ የሚጀምር ከሆነ፣ ገጹን ደብል ክሊክ አድርገህ ስትከፍተው ብራውዘሩ ፋይሉን የራስህ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው የሚፈልገው። ላብ ውስጥ ግን ገጹ የሚከፈተው በሰርቨር በኩል ስለሆነ ችግሩ አይታወቅም። ሌላው የተለመደ ምክንያት ቅደም ተከተል ነው። ያንተ ስክሪፕት ከጄኪዌሪው በላይ ከተጻፈ ሁልጊዜ ይህን ስህተት ታያለህ። ዎርድፕረስ በሚባለው የተዘጋጀ የገጽ መሥሪያ ላይ የምትሠሩ ደግሞ እወቁት፦ እዚያ ጄኪዌሪ ቢጫንም የዶላር ምልክቱ ሆን ተብሎ ተለቋል። በዶላሩ ፋንታ ጄኪዌሪ የሚለውን ሙሉ ስም ተጠቀሙ።

የልብስ ሱቅ አለኝ። ልጄ የዕቃ መመዝገቢያ ገጽ ሠራልኝ። ድሮ የገቡት ዕቃዎች ላይ «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ይሠራል። አዲስ ጋቢ ወይም ነጠላ ስጨምር ግን የአዲሱ ቁልፍ ቢጫኑት ዝም ነው። ቀይ ጽሑፍም የለም። (ደሴ፣ ፒያሳ)

ጋሼ፣ ቀይ ጽሑፍ የሌለው ስህተት ስላልተፈጸመ ነው። ልጅዎ የጻፈው ኮድ ገጹ ሲከፈት አንዴ ይሮጥና እዚያ ያገኛቸውን ቁልፎች ሁሉ «ስትነኩ ይህን አድርጉ» ብሎ ያዛል። በኋላ የተጨመረው የጋቢው ቁልፍ ያን ጊዜ አልነበረም። ትእዛዙን አልሰማም።

ይህን ለልጅዎ ያንብቡለት፦ ትእዛዙን ለእያንዳንዱ ቁልፍ መስጠት ይቅርና ለሰንጠረዡ ይሁን። ዘበኛ ግቢው በር ላይ ከቆመ ነባር ሆነ አዲስ ገቢ ሁሉም በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰንጠረዡን በጄኪዌሪ ይያዝና ኦን የሚለውን ይጥራ። በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ክሊክ፣ ቀጥሎ የማጥፊያውን ቁልፍ ክላስ (የቁልፎቹን የጋራ መለያ ስም)፣ መጨረሻ ላይ ፈንክሽኑን (ሲነካ የሚሠራውን የኮድ ቁራጭ) ያስገባ። ከመሃል ያለው ክላስ ነው ቁም ነገሩ፤ እሱን ከተወው ሰንጠረዡ ላይ የትም ቢነካ ይሠራል። በፈንክሽኑ ውስጥ ደግሞ ዲስ ማለት የተነካው ቁልፍ ነው። ከዚያ በክሎዘስት ወደ ረድፉ ወጥቶ ረድፉን ብቻ ያጥፋ።

አንድ የማየው መጥፎ መላ አለ። አዲስ ዕቃ በተጨመረ ቁጥር የክሊኩን ትእዛዝ ለሁሉም ቁልፎች እንደገና መስጠት። አዲሱ ቁልፍ ይነቃል፤ ነባሮቹ ግን ትእዛዙ ይደራረብባቸዋል። አንዴ ሲጫኑ ሁለቴ ሦስቴ ይሠራሉ። ሥራው ማጥፋት ሲሆን ላይታይ ይችላል። ከክምችት ላይ አንድ መቀነስ ሲሆን ግን ሂሳብዎ ይዛባል።

ላይቭ የሚል ትእዛዝ የሚያስተምሩ የቆዩ ቪዲዮዎችም አሉ። እሱ በ2013 ከወጣው ጄኪዌሪ 1.9 ጀምሮ ተወግዷል። ልጅዎ ጊዜውን እዚያ ላይ አያጥፋ።

ዋጋ ስደምር 250 እና 30 «25030» ይሆንብኛል። (ባቲ)

ከሳጥን የሚነበብ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍና ጽሑፍ ሲደመር ይቀጠላል። ከመደመርህ በፊት ነምበር በሚለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር ቀይረው። ሳንቲም ካለህ ደግሞ ሂሳቡን ሁሉ በሳንቲም ሠርተህ መጨረሻ ላይ ለ100 አካፍል፤ ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ሲደምር ልክ 0.3 አይሰጥህም።

የሰኞ ገበያውን የከብት ዋጋ ከሰርቨር የሚያመጣ ፈንክሽን ጻፍኩ። ሰርቨሩ ዋጋውን ሲልክ በዓይኔ አየዋለሁ። ፈንክሽኑ ግን «አንዲፋይንድ» ይመልሳል። (እሱም ከባቲ)

«አንዲፋይንድ» ማለት ገና ምንም አልያዘም ማለት ነው። ዋጋው እስኪመጣ ኮድህ አይጠብቅም። ጥያቄውን ልኮ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። አንተ ዋጋውን የምታትመው ገና መንገድ ላይ እያለ ነው። ዋጋውን የሚጠቀመውን ሥራ ሁሉ መልሱ ሲደርስ በሚሠራው፣ ዳን በሚለው የጄኪዌሪ ትእዛዝ ውስጥ አስገባው፤ ወይም ፈንክሽኑን ኤሲንክ ብለህ «ጠብቅ» የሚለውን አዌይት ተጠቀም። ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ ሰዓት ቆጣሪ አስገብተህ ለማለፍ አትሞክር። ዛሬ ቢሠራልህ ኔትወርኩ በተንቀራፈፈ ቀን ይከዳሃል።

ኮምፒውተሬ ላይ ሁሉም ይሠራል፤ ሆስቲንግ ላይ ስጭነው ስላይዱ የለም፣ ኮንሶሉ 404 ይላል። (ወልድያ)

404 ማለት ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው። የፋይሎችህን ስም እይ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፤ አብዛኛው ሆስቲንግ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ሁሉንም የፋይል ስም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ ጻፍ። ካስተካከልክ በኋላም አሮጌው ከመጣ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ነው የሚያሳይህ፤ ኮንትሮልና ኤፍ 5ን አብረህ ተጫን።

ስለ ከተማችን የንግድ ቤቶች ማውጫ ሠራሁ። መፈለጊያው ላይ «ሀይቅ» ብለው ሲጽፉ አንድም አይመጣም፤ «ሐይቅ» ሲሉ ግን ሁሉም ይመጣል። ለሰው ሁሉ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ ልል ነው? (ሐይቅ)

በፍጹም። በዚህ ጥያቄ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ይህንን ችግር የእኛ ሰው ካልፈታው ማንም አይፈታልንም። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ፈጽሞ የማይገናኙ ሦስት ፊደላት ናቸው። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ሰዉ ደግሞ እንደ ልማዱ ይጽፋል፤ መብቱም ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም ወገን ለማነጻጸር ብቻ ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው። የተጻፈውን የሱቅ ስም አትንካው፤ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ። ከጎኑ ግን የተስተካከለ ቅጂ ያዝ። ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው ፈንክሽን አሳልፈህ ከቅጂው ጋር አነጻጽር።

ፈንክሽኑ ደግሞ ከምታስበው በላይ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን የተደረደሩት እንደ ፊደል ገበታው በቤተሰብ ነው፤ ሰባቱም በየተራቸው። ስለዚህ በቤተሰቦች መካከል ያለው ርቀት ቋሚ ነው። ከሐ ኮድ 16 ስትቀንስ ሀ ይሆናል። ከሑ 16 ስትቀንስ ሁ ይሆናል፤ እስከ ሆ ድረስ እንዲሁ ይሄዳል። ከኀ ቤተሰብ 128 ትቀንሳለህ። ሠ ላይ 16 ስትጨምር ሰ ታገኛለህ። ከዐ 48 ቀንሰህ አ፣ ከፀ 8 ቀንሰህ ጸ ታገኛለህ። የፊደሉን ኮድ የሚሰጥህ ቻርኮድአት ነው፤ ከኮድ ወደ ፊደል የሚመልስህ ፍሮምቻርኮድ።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። ሰባቱን ብቻ ነው የምትቀይረው፤ ስምንተኛው ሗ በዚሁ ስሌት ሌላ ፊደል ላይ ይወድቃል። በተጨማሪ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በድምፅ አንድ ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልስ። ያኔ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ ያለ ሁሉ ሱቁን ያገኛል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፦ የምዝገባ ፎርሜ የአማርኛ ስም አይቀበልም። «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይላል። (ወልድያ)

ስም የምታጣሪው ባክስላሽ ደብልዩ በሚለው የማጣሪያ ምልክት ይመስለኛል። እሱ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ቁጥርንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። በባክስላሽ ፒ ጀምረሽ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ትልቁን ኤል ጻፊ፤ የየትኛውንም ቋንቋ ፊደል ይቀበላል። ከመዝጊያው ስላሽ በኋላ ትንሿን ዩ መጨመር አትርሺ፤ ያለ እሷ አይሠራም። ባዶ ቦታና ስላሽም ፍቀጂ። ኃ/ማርያምና ገ/ሥላሴ ተብሎ የሚጻፍ ስም ስንት ነው! የራሱን ስም የማይቀበል ፎርም ፊት ሰው መቆም የለበትም።

የእንግዳ ማረፊያ ነው የምንሠራው። ለገና ጃንዋሪ 7 ብሎ የያዘ አሜሪካ ያለ ደንበኛ ገጹ ላይ ጃንዋሪ 6 ታየኝ አለ። እኛ ጋ 7 ነው። የአበሻውን ቀንም አብረን ማሳየት እንፈልጋለን። (ላሊበላ)

ለገና ላሊበላ ላይ የአንድ ቀን ስህተት ማለት እንግዳ ውጭ አደረ ማለት ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቀኑን ያለ ሰዓት፣ ዓመት ከዚያ ወር ከዚያ ቀን በሰረዝ ለይታችሁ ዴት ለሚባለው የቀን መሣሪያ ስትሰጡት፣ ጃቫስክሪፕት በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ይወስደዋል። ያ ቅጽበት እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቀኑ ያው 7 ስለሆነ ስህተቱ አይታያችሁም። ዋሽንግተን ላይ ግን ገና የ6 ምሽት 1 ሰዓት ነው። ደንበኛው ያየው ይህን ነው። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ለያይታችሁ በሦስት ቁጥር ስጡት፤ ያኔ ደንበኛው ባለበት አገር ሰዓት ይቆጥረዋል፣ ቀኑም አይንሸራተትም። በዚህ አጻጻፍ ወር የሚጀምረው ከ0 ነውና ለጃንዋሪ 0 ጻፉ። 1 ከጻፋችሁ እንግዳችሁ ፌብሩዋሪ ላይ ይመጣል።

የእኛን አቆጣጠር ግን በራሳችሁ ስሌት አትሥሩ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ ጥቂት ቀን መጨመር አያዋጣም። ጳጉሜን አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ናት። በዘመነ ዮሐንስ ገና ራሱ ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው። ብራውዘሩ ውስጥ ኢንትል የሚባል የተዘጋጀ መሣሪያ አለ። ዴትታይምፎርማት የሚለውን በአማርኛ ቋንቋ ጥሩና ካላንደሩን ኢትዮፒክ አድርጉት፤ የወሩን ስም በአማርኛ ጽፎ ያመጣላችኋል። መፈተኛ ልስጣችሁ፦ ጃንዋሪ 7፣ 2024ን አስገቡ። ታኅሣሥ 28፣ 2016 ካላለ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ዌብ ዲዛይን ልጀምር ነው። ጄኪዌሪ ልማር ወይስ ጊዜው አልፎበታል? (ተማሪ፣ ደሴ)

መጀመሪያ ጃቫስክሪፕቱን ተማሪ። ጄኪዌሪን ጆን ሬሲግ በ2006 ሲያወጣው ብራውዘሮች እርስ በርስ አይስማሙም ነበር። አንዱ ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ አይሠራም፤ ጄኪዌሪ ያንን ጣጣ ሸፈነልን። ዛሬ ኩዌሪሴሌክተር (የገጹን ክፍል የሚይዘው) እና ፌች (ከሰርቨር መረጃ የሚያመጣው) ብራውዘሩ ውስጥ ስላሉ ብዙው ሥራ ያለ እሱ ያልቃል። ተጨምቆም ወደ 30 ኪሎባይት ይሆናል፤ አንድ ሜኑ ለመክፈትና ለመዝጋት ብለሽ በደካማ ኔትወርክ ስልኩን ለያዘ ሰው ያን ያህል ማስጫን ተገቢ አይመስለኝም።

ግን ሥራ ፈላጊ ከሆንሽ ማንበብ መቻል አለብሽ። እዚህ አካባቢ የሚሰጥሽ ሥራ አብዛኛው ነባር ገጽ መጠገን ነው፤ ዎርድፕረስ ላይ የተሠራውም ብዙ ነው፤ ውስጡ ጄኪዌሪ ሞልቷል። የሚሠራ ነባር ገጽ ላይ ጄኪዌሪውን ነቅሎ ለማውጣት አትቸኩዪ፤ በሱ ላይ የቆሙ ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩ ተቀጥላ ኮዶች) አብረው ይወድቃሉ። ከባዶ የምትጀምሪው ገጽ ላይ ግን ያለ እሱ ጀምሪ፤ የግድ ካስፈለገሽ በኋላም መጨመር ትችያለሽ።