መልስ፦ ለጣና የውሃ ከፍታና ለዓሣው የትኛው ግራፍ ይሻላል?

ወንድሜ፣ የጣናን ወርሃዊ የውሃ ከፍታና ባሕር ዳር ላይ በየወሩ የተያዘውን ዓሣ በፓይ ቻርት (እንደ ዳቦ በተቆራረጠ ክብ ግራፍ) ልሥራው ወይ ነው ያልከው። ለከፍታው ፓይ በፍጹም አይሆንም። ፓይ የአንድን ሙሉ ነገር ክፍፍል ነው የሚያሳየው፤ የየወሩ ከፍታ ደግሞ ቢደመር ትርጉም የለውም።

መስመር ግራፍ ተጠቀም። ባርም (የዓምድ ግራፍ) ለከፍታው አይሆንህም፣ ምክንያቱም ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በዓመት ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ግን 1 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ባር ደግሞ ከ0 መነሳት ስላለበት ዓምዶቹ ሁሉ እኩል መስለው ቁጭ ይላሉ። መስመር ከ1784 ቢጀምር ችግር የለውም። ሰኔ ላይ ወርዶ የነበረው ውሃ ክረምቱ ሞልቶት መስከረም ላይ ከፍ ሲል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብቻ ከየት እንደጀመርክ በግልጽ ጻፍ።

የዓሣ ዓይነቶቹን፣ ቆሮሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን፣ በኪሎ ለማወዳደር ባር ይበቃል።

አደራ፣ በእኛ አቆጣጠር ከመዘገብክ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት። የወሩን ድምር እንዳለ ካስቀመጥከው ዓሣው ድንገት ያለቀ ይመስላል። እኔ አንዴ ይህን ረስቼ ሥራዬን በሙሉ እንደገና ሠርቻለሁ። ለሁሉም ወር የቀን አማካይ አውጣ።

ከፍታውና ምርቱ ይገናኛሉ ወይ ላልከው ስካተር (እያንዳንዱ ወር አንድ ነጥብ የሚሆንበት ግራፍ) ሥራ፤ አግድም ከፍታውን፣ ሽቅብ ኪሎውን። ሁለቱን በአንድ ግራፍ በግራና በቀኝ ዘንግ አትደርባቸው፣ ሚዛኑን በመቀያየር ብቻ የሌለ ዝምድና ማሳየት ይቻላል።