የአንባቢያን ጥያቄ፦ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይሉኛል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ 28 አመቴ ነው፣ በህግ ተመርቄ አራት አመት አንድ የአገር ውስጥ ኤንጂኦ ውስጥ የመራጮች ትምህርትና የሴቶች ማህበራት ላይ ሰርቻለሁ። በ2017 ጥር ላይ የአሜሪካ ገንዘብ ሲቆም የኛም ፕሮጀክት ወዲያው ተዘጋ፣ ላፕቶፕ አስረክበን ወጣን። ከዛ ወዲህ የብሎካችን ኮሚቴ ፀሀፊ ሆኜ የውሃ ፓምፕ መዋጮ ስሰበስብ፣ ሂሳቡን በየወሩ ደረጃው ስር ስለጥፍ ነው የከረምኩት። አሁን በአንድ አለም አቀፍ ድርጅት በኩል ሌላ አፍሪካ አገር ሄጄ ሲቪል ማህበራትን የማጠናከር ስራ የአንድ አመት ኮንትራት አገኘሁ። እናቴ ግን እንቅልፍ አጥታለች፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ትላለች፣ «የሰው አገር ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ» ትላለች። ጓደኞቼ ደሞ ዴሞክራሲ ማስፋፋት ምናምን የፈረንጅ አጀንዳ ነው ይሉኛል። ስራውን እወደዋለሁ፣ ግን እነሱ ከሚሉት ውስጥም እውነት ያለ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?
ት. ነኝ፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም እዚሁ ለገጣፎ ነኝ፣ ጎረቤት ነን ማለት ነው።

ከእናትሽ ልጀምር። መፍራታቸው ልክ ነው፣ ግን የፈሩት ለአንቺ ነው፣ እኔ ደሞ በዚህ ስራ ከቆየሁበት ጊዜ የተማርኩት አደጋው ይበልጥ የሚያርፈው እዛ በምታገኚያቸው ሰዎች ላይ እንደሆነ ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ። ከአመታት በፊት የምሰራበት ድርጅት ወደ አንድ አገር ላከኝ፣ የአገሩንም የድርጅቱንም ስም ልተወው። አንዲት የሴቶች ማህበር አስተባባሪ ነበረች፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፍሊፕ ቻርቱን በሚስማር ሰቅላ የሰፈሯን ሴቶች የወረዳቸውን በጀት እንዴት እንደሚያነቡ ታስተምር ነበር፣ «ለክሊኒኩ ይሄን ያህል ተመድቧል፣ ክሊኒኩ ውስጥ ግን መድሃኒት አለ ወይ?» እያለች። እኛ ያዋጣነው የወረቀትና የሻይ ብር ነው። ሶስት ቀን አብረናት ዋልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ፎቶው ከነሎጎአችን የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ወጣ። እኔ ቦሌ ገብቼ ቡና ስጠጣ እሷ ተጠርታ «ከማን ነው ገንዘብ የምትቀበይው?» እየተባለች ነበር። ስደውልላት «ፊቴ እንዲወጣ ጠይቃችሁኝ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አልጠየቅናትም። ማህበሩ በዛው ተበተነ፣ እኔ ደሞ በሚቀጥለው ወር ደሞዜን ተቀበልኩ። ይሄን ጥፋት እስከዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ይሄ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። ግብፅ ውስጥ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2011 የኤንጂኦ ቢሮዎች ተበርብረው በ2013 ጁን ላይ 43 ሰራተኞች ተፈረደባቸው። ከውጭ ዜጎቹ አብዛኞቹ ቀደም ብለው በ2012 ከአገሩ ወጥተው ስለነበር ፍርዱ የተላለፈው በሌሉበት ነው፣ ግብፃዊያኑ ግን አገራቸው ነውና የት ይሄዳሉ? በ2018 ጉዳዩ እንደገና ታይቶ አብዛኞቹ ነፃ ተባሉ፣ ግን እስከዛ ስንት አመት አለፈ። ስለዚህ ስትሄጂ ማንኛውንም ነገር፣ ስልጠናውንም ፎቶውንም የስም ዝርዝሩንም፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ እዚህ የሚቀረው ሰው ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትመዝኝው። ጠይቂ፣ ፈቃድ ጠይቂ፣ እምቢ ስትልሽ ደሞ ለምን ብለሽ አታስጨንቂያት።

ፕሮጀክት ሰነዱ ላይ «ዴሞክራሲን ማጎልበት» ተብሎ ቢፃፍም የቀን ተቀን ስራው የማህበሩን ፀሀፊ ቁጭ ብሎ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ማገዝ ነው፣ ቃለ ጉባኤ እንዲፃፍ መወትወት፣ ምርጫቸውን በጊዜው እንዲያደርጉ፣ ሊቀመንበሩ አስር አመት እንዳይቀመጥ፣ ከወረዳው ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ መፈለግ። ይሄንን ደሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ደረጃ ስር የምትለጥፊያት ወረቀት፣ ስንት ተሰበሰበ፣ ለፓምፑ ባለሙያ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ የምትለዋ፣ እሷን ይዘሽ ሂጂ። ከብዙ ዲግሪ ይልቅ ለዛ ስራ የምትጠቅምሽ እሷ ናት ብዬ ነው የማምነው። ጎረቤት መጥቶ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ «ይሄ ምንድነው?» ሲልሽ ቆመሽ መልሰሽ የለ? በቃ እሱ ነው።

ጥር 2003 ጁባ ነበርኩ፣ የደቡብ ሱዳን ህዝበ ውሳኔ ታዛቢ ሆኜ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ስዕል ነበር፣ አንድ የተዘረጋ እጅ ለመለየት፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ለአንድነት፣ ማንበብ የማይችል ሰውም ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ማታ ቆጠራ ላይ አስተማሪ የነበረ ሰውዬ በፋኖስ ብርሃን ወረቀቱን አንድ በአንድ ከፍ እያደረገ ያሳየን ነበር፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ። ታዛቢ ወረቀት አይነካም፣ አያርምም፣ ያያል፣ ይፅፋል። እኔ ፎርም ሞላሁ፣ ምርጫውን ያስኬዱት ግን እነሱ ናቸው። ውጤቱ 98.83 በመቶ ለመለየት ሆነ፣ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሶስት አመት ሳይሞላ በታህሳስ 2006 ጁባ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ያምራል፣ ካሜራውም ገንዘቡም ይበዛል፣ ግን አገር የምትፈተነው ከዛ በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ነው፣ በዛ ጊዜ ደሞ ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኝ ማህበር ከሌለ ምንም የለም። አንቺ የተሰጠሽ ስራ ከታዛቢነት ይልቅ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

የፈረንጅ አጀንዳ የሚሉት ጓደኞችሽ፣ ገንዘቡን በተመለከተ ልክ ናቸው፣ መደበቅ አያስፈልግም። በየአገሩ ለዴሞክራሲ ስራ ገንዘብ የሚሰጠውን ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዴሞክራሲ የሚባለውን ድርጅት በፈረንጆቹ 1983 ያቋቋመውም በጀት የሚመድብለትም የአሜሪካ ኮንግረስ ነው፣ እንግሊዞቹም በፈረንጆቹ 1992 ለዚሁ ስራ የዌስትሚኒስተር ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፣ የጀርመኖቹ ፋውንዴሽኖች ደሞ ከፓርቲዎቻቸው ጋር የተያያዙ ሆነው ከመንግስት በጀት ነው የሚያገኙት። ገንዘብ የሚሰጥ መንግስት የራሱ ፍላጎት አለው፣ ይሄን እያወቅሽ ግቢ። ሀሳቡ ግን የነሱ ብቻ ነው ሲሉሽ አትቀበይ። የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር የፀደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጥር 1999 ላይ ነው፣ የፈረሙትም የኛው መሪዎች ናቸው። እድር ውስጥ ዳኛ መርጠን፣ ሂሳብ አስመርምረን፣ ያጠፋን አስቀጥተን ያደግን ሰዎች ደሞ ይሄን ከማን ነው የምንማረው?

እናትሽ ያሉት ተረት ግን ከበደኝ፣ ምክንያቱም የኛው ምድጃ እውነትም ብዙ ጊዜ አሯል። በ1997 ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት በዚህ ስራ ላይ የነበሩ ሶስት የአሜሪካ ድርጅቶች ከአገር ውጡ ተባሉ። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ደሞ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ሰብአዊ መብትና ዴሞክራሲ ላይ እንዳይሰራ ከለከለ፣ አስር አመት ሙሉ ስንቱ አላማውን ቀይሮ ልማት ነኝ አለ፣ ስንቱ ዘጋ፣ በ2011 አዋጅ 1113 እስኪተካው ድረስ። እኔ ግን ይሄንን ስንቅ ነው የምለው። እዛ የምታገኚያት አስተባባሪ «ባንካችን ታገደ፣ ምዝገባችን አልታደሰም» ስትልሽ አንቺ ከመፅሀፍ አይደለም የምትረጂያት፣ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። የውጭ አገር ኤክስፐርት ይሄን የለውም።

ገንዘቡ ሲቆም ምን እንደሚሆን ደሞ አንቺ ራስሽ አይተሻል። የአሜሪካ መንግስት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 2025 ስራውን ጨርሶ አቆመ፣ ከሱ በፊት ግን ገና ጃንዋሪ ላይ ነው የየአገሩ ትንንሽ ማህበራት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ቀጣሪሽን ደፍረሽ ጠይቂ፣ ገንዘቡ ከማን ነው፣ መሀል ላይ ቢቋረጥ ለአገሬው ማህበራት ስንት ወር የሚያቆይ ነገር አለ፣ ፕሮፖዛሉን ሲፅፉ ማህበራቱ ነበሩበት ወይስ ከተፃፈ በኋላ ነው የተነገራቸው፣ ችግር ቢመጣ ከአገር የማስወጣት አንቀፁ የአንቺን ስም ብቻ ነው የያዘው ወይስ ሾፌሩንና አስተርጓሚውንም ያስባል፣ የአገሬው ስታፍ ኢንሹራንስ አለው ወይ። አንቺ በዶላር እነሱ በአገራቸው ብር የሚከፈላችሁ ከሆነ ልዩነቱን ቀድመሽ እወቂው፣ ምሳ ሰአት ላይ ነው የሚታየው። መልሱ ሁሉ ጥሩ ባይሆንም ሂጂ፣ ግን አውቀሽ ሂጂ። ጥያቄውን ራሱ የሚቆጡበት ከሆነ ግን እኔ ብሆን አልፈርምም።

ይሄን ለሚያነቡና መንገዱን ለሚፈልጉ ሌሎች ልጆች ባጭሩ፣ የአፍሪካ ህብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምና የተባበሩት መንግስታት በጎ ፈቃደኞች ለኛ ክፍት ናቸው፣ የአውሮፓ ህብረት የምርጫ ታዛቢዎች ግን በዋናነት ከራሳቸው አባል አገራት ዜጎች ስለሚመለመሉ እዛ ላይ ጊዜ አትጨርሱ። ፈረንሳይኛ ወይ አረብኛ ጀምሩ።

ለእናትሽ የቆርቆሮ ቤቷን ሴትዮ ታሪክ ንገሪያቸው፣ አትደብቂያቸው፣ የምትሄጂው እንደሷ ያሉትን ሳታጋልጪ ልታግዢ መሆኑን ከሰሙ የሚረዱሽ ይመስለኛል። የብሎኩን ነገር ደሞ እንዳትረሺ፣ ከመሄድሽ በፊት የመዋጮ መዝገቡን ከነደረሰኙ ለማን እንደምታስረክቢ አሁኑኑ አስቢበት፣ አንድ ሁለት ወር አብራሽ ትስራ፣ የመጀመሪያውን ወር ሂሳብ በራሷ ፅሁፍ ፅፋ ትለጥፈው፣ ፓምፑ ሲበላሽ የምትደውይለትን ባለሙያ ስልክ ቁጥርም መዝገቡ የመጀመሪያ ገፅ ላይ ፃፊላት።